ዘራችን ንጹሕ ነው አልኳቸው

ከአቃቂ የወጣሁበትን ምሽት ቀኑን በትክክል አላስታውስም፤ መስቀል ያለፈ ሰሞን መሰለኝ፣ የሰፈራችን ጭቃ ገና አልደረቀም ነበር። ታናሽ እህቴ አስካለ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝና በሶውን እያስያዘችኝ፣ "ጋሼ፣ ልጅህን አደራ" አለችኝ።

ልጄ ሰናይት ጀርመን አገር ነው ያለችው። ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች፤ ያለ ምክንያት ልቧ ይደልቃል፣ ታለቅሳለች። ብታየኝ ይቀላታል ብዬ ሄድኩ። አልቀለላትም። በሶውን በጠበጥኩላት፤ አልቀመሰችውም።

"ምን ጎደለኝ አባዬ? ባል አለኝ፣ ቤት አለኝ። ጥጋብ ነው የያዘኝ" ትላለች። ራሷን ስትረግም ከመስማት የባሰ ነገር የለም። አገሩ ደግሞ ሰማዩ ዓመት ሙሉ ሐምሌ ነው፤ ጎረቤት እንኳ በተርሚን፣ በቀጠሮ ማለታቸው ነው፣ ካልሆነ በር አያንኳኳም።

አንድ ቀን ሐኪሟ ዘንድ አብሬያት ገባሁ። አስተርጓሚዋ የሳሪስ ልጅ ናት።

"አባባ፣ በቤተሰብዎ እንዲህ ያለ ጭንቀት ወይ ድባቴ የነበረበት ሰው አለ ወይ ትላለች።"

ሳላስበው ጋቢዬን አስተካክዬ፣ "የለም! ዘራችን ንጹሕ ነው። እስከ ሰባት ቤት ይጠየቅ" አልኩ።

አስተርጓሚዋ ሳቋን ዋጠች። "አባባ፣ ሽማግሌ አልተላከብዎትም እኮ!"

ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ተጋላጭነቱ ከወላጅ ይወረሳል፤ ግን የወረሰ ሁሉ አይታመምም፣ የኑሮም ጫና አለበት። ከዘመድ በመድኃኒት የተሻለው ካለ ማወቁ ለልጄ ይጠቅማል አለች።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛ ነበር። ለጎረቤት "ብርድ መቶት ነው" እንላለን። እስከ መጨረሻው ያስታመመችው አስካለ ናት። ደወልኩላት።

"አስካል፣ አባታችንን ምን ነበር የሚያመው?"

"ብርድ ነዋ!"

"ክረምት በመጣ ቁጥር?"

"ጋሼ በሞቴ! እሑድ ለሳምራዊት ሽማግሌ ሊመጣ፣ ዘራቸው ያብዳል ልታስብለን ነው?" ዘጋችብኝ። ደግሜ ስደውል፣ ጥርት ባለ ድምፅ "ኔትወርክ የለም!" ብላ ዘጋችው።

የእኔ ልጅ እዚህ እየማቀቀች፣ እዚያ ስም ይጠበቃል! ግን በማን ልፍረድ? እኔስ ሐኪም ፊት ያንኑ አይደል ያልኩት?

ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ጠራ። የአስካለ ልጅ፣ ሙሽራ የምትሆነው ሳምራዊት ናት።

"አጎቴ፣ እማዬ ስትጮህ ሰማሁ። አያቴን ሐኪም ቤት ወስዳው በኪኒን ተሽሎት ነበር። እሷም ትውጣለች፤ የበርበሬው ዕቃ ውስጥ ነው የምትደብቀው። ስሙን ፎቶ አንሥቼ ልኬልዎታለሁ።"

"ሽማግሌዎቹ ቢሰሙስ ልጄ?"

"እጮኛዬ ያውቃል። እኔም እኮ አንዳንዴ ልቤ ይደልቃል። ሰናይትን ያገናኙኝ።"

ሰናይት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ብዙ አዳመጠች። ከዚያ "አንቺም?" አለች። ደግማ፣ ቀስ ብላ፣ "አንቺም?"

ሐኪሟ የመድኃኒቱን ስም አይታ ጀምራላታለች፤ እየጠበቅን ነው። አስካለ እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሣም። እሑድ ሽማግሌዎቹ ስለ ዘራችን ሲጠይቁ ምን እንደተመለሰላቸው አልሰማሁም። እኔን ግን ዛሬ ማን ደረሰልህ የሚለኝ ካለ፣ ሳምራዊት ናት።