ደም ያልታየበት ቁስል

በጊዜው ብታከም ኖሮ የግራ ጆሮዬ ይመለስ ነበር? ስንት መጽሐፍ አገላብጬ እስከ ዛሬ መልሱን አላውቀውም።

ጋራውን እንድንይዝ የታዘዝነው ጎህ ሳይቀድ ነበር። እኔ ሴት ወታደር፣ የቡድናችን የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ የሞርታር ጥይት ከምሽጋችን አፋፍ ወድቆ ፈነዳ። ተኛን። ተነሣን። የደማ ሰው የለም። ግን የሦስታችን ግራ ጆሮ ጭው ብሎ ተዘጋ፤ የእኔ፣ የመትረየስ ተኳሹ የጌቱና የጥይት ተሸካሚው የከድር።

ለመቶ አለቃችን የተናገረው ከድር ብቻ ነው። መቶ አለቃው ሳቀበት።

«ጆሮ አይተኩስም፤ ጣት ነው የሚተኩሰው። ሚስትህ ናፈቀችህ አይደል?»

ምሽጉ ሁሉ አብሮ ሳቀ። በእኛ ዘንድ ደም ያልታየበት ቁስል እንደ ፍርሃት ይቆጠር ነበር። ስለዚህ እኔና ጌቱ ደበቅን። ለትእዛዝ ስንሰለፍ ደህናውን ጆሮ ወደ አለቃው አዙረን እንቆማለን።

ቁስለኛ የሚያክመው ድሬሰር ለከድር በድብቅ እብጠት የሚያበርድ የስቴሮይድ ክኒን ሰጠው። ጌቱ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቆ ጆሮው ውስጥ ጠብ አደረገ። እኔ ምንም አላደረግሁም። የከድር ጆሮ ተመለሰ። የጌቱና የእኔ አልተመለሰም። ክኒኑ አዳነው ብዬ ግን አልምልም፤ ያለ መድኃኒትም የሚመለስለት ሰው አለ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ አመሻሽ ላይ ጋራውን ማጥቃት ጀመርን። ጌቱ ከፊቴ ነበር። ከግራ ተኩስ ተከፈተ።

«ጌቱ፣ ተኛ!» ከድርም ጮኸ፤ እኔም ጮኽኩ።

ዞር እንኳን አላለም።

በዚያ ጋራ ከቡድናችን አምስት ሰው ሞተ። አራቱን ጠላት ገደላቸው። አምስተኛውን፣ ጌቱን፣ የገደለው የእኛው ሳቅ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከጦር ሜዳ ስመለስ ዕድሜዬ ገፍቶ የማታ ትምህርት ገባሁ። ማንበብ ለመድኩ። ስለ ጆሮዬ ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከ18 ማዞሪያ ተነሥቼ ዓለም ባንክ ሰፈር እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጇ ራሔል ስትነቃ አንድ ጆሮዋ ድንገት መስማት አቁሟል።

«ብርድ ነው» አለች እህቴ። «ካልተሻላት ሰኞ እናሳያታለን።»

«አክስቴ፣ አታካብጂ» አለች ራሔል መደንገጤን አይታ። «ኢርፎን አብዝቼ ነው።»

«ሰኞ የሚባል ነገር የለም!» አልኩ። «ዛሬውኑ መታየት አለባት። መጀመሪያ የሚሰጠው ክኒን ነው። እሱ ካልሠራ በጆሮ ታምቡር በኩል መርፌ አለ። ባለበት አገር ደግሞ በግፊት ኦክስጅን ይሰጣል፤ ያውም ከክኒኑ ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። የትኛው እንደሚያድናት አላውቅም። ቀኑ በገፋ ቁጥር ግን ሁሉም አቅም ያጣሉ።»

እህቴ ሳቀች። «መጽሐፍ ሐኪም አደረገሽ ደግሞ!»

ድምፄ ከቁጥጥሬ ወጣ።

«የግራ ጆሮዬ አይሰማም። ከጦር ሜዳ ጀምሮ አይሰማም። እንደዚህ ተስቆብን ነው ሳልታከም የቀረሁት።»

እህቴ፣ «ስጠራሽ ዝም የምትዪኝ...» ብላ አቋረጠች። «ኩራት ይመስለኝ ነበር እኮ። ስንት ዓመት ሙሉ አኩርፌሻለሁ።»

«ኩራት አልነበረም።»

እህቴ ነጠላዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች።

«ራሔል፣ ጫማሽን አድርጊ።»