ውባንቺና የኋላው በር

በውባንቺ ማድ ቤት እሳት የተነሳው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ የኪራይ ቤቶች ግቢ ነው የምትኖረው። በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት እያስመጣች በኪሊማኒ ሰፈር ላሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች። ያን ቀን ሽንኩርት ጥዳ ዘወር ስትል የጋዙ ጎማ ከሲሊንደሩ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነበልባል ቦግ አለ።

«እሳት! እሳት! ኧረ የሰው ያለህ!» ብላ ጮኸች።

ግድግዳው ስስ ነው። የጎረቤት ሳል፣ የጎረቤት ሬዲዮ፣ የጎረቤት ልጅ ልቅሶ ሁሉ ይሰማታል፤ እነሱም እሷን እንደሚሰሙ አልተጠራጠረችም። ግን ማንም አልመጣም። የኋላ ኋላ ብርድ ልብስ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበልባሉ ላይ ጣለችበት፣ በዚያው ጨርቅ የሲሊንደሩን አፍ ይዛ ዘጋችው። እጇ ተቃጠለ፤ ቤቱ ተረፈ።

በማግስቱ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ኬንያዊት፣ ማማ ዋንጂኩ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እጇን አይታ ደነገጠች። ሁለቱ የሚግባቡት በስዋሂሊ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እሳት ነው። ስጮህ አልሰማሽም?»

ማማ ዋንጂኩ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ሰምቻለሁ እኮ። የምትጸልዪ መስሎኝ ነው። እንዲያውም ባሌን ‘ቴሌቪዥኑን ቀንስ፣ ሴትየዋ ጸሎት ላይ ናት’ አልኩት።»

ውባንቺ ልትቆጣ ፈለገች፤ ሳቋ ቀደማት። ማማ ዋንጂኩም ከእፍረቷ ጋር እየታገለች ሳቀች። ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ውባንቺን ከነከናት። እሳት በስዋሂሊ ‘ሞቶ’ መሆኑን ከመጣች ጀምሮ ታውቃለች። ስትደነግጥ ከአፏ የወጣው ግን ከእናቷ የሰማችው ቃል ነው። ማማ ዋንጂኩም አንድ ቀን በራሷ ቋንቋ ብትጮህ፣ እሷስ የባልና ሚስት ጠብ ነው ብላ በሯን አትዘጋም ነበር?

ልጇ አቤል ማታ ከሥራ ሲመለስ ነገረችው። አቤል ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ፣ በጭነት መጋዘን የሚሠራ ጎረምሳ ነው።

«ማሚ፣ ሲምፕል ነው፤ የዋትሳፕ ግሩፕ እከፍትልሻለሁ፣ ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም።»

«እጄ እየነደደ ስልክ ልጎርጉር? መጀመሪያ ሰዎቹን ልወቃቸው።»

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከመጀመሪያው በር ጀመረች። አንዳንዱ በርበሬ ልትሸጥ የመጣች መስሎት አሁን አንፈልግም አላት። አንዱ ደግሞ ለምርጫ የምትቀሰቅስ መስሎት በሩን ሳይከፍት በመስኮት አነጋገራት። እሷ የምትጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ስማቸውን፣ ከዚያም በቤቱ ውስጥ መሮጥ የማይችል ሰው መኖር አለመኖሩን። ሁለተኛውን ጥያቄ ሲሰሙ ሰዎቹ በራቸውን ይከፍታሉ። ያለባቸውንም ይናገራሉ። አንዷ አራስ ናት፤ አንዱ ቀን ቀን ለብቻው የሚተኛ የሌሊት ሠራተኛ ነው።

በግቢው ጫፍ፣ ከቦዩ አጠገብ ባለው ቤት ጋሽ መድሃኔ ይኖራሉ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት በወጣትነታቸው አሥመራ ነው። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት ጨርሰው አሁን ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ከመስኮታቸው ሥር ተቀምጠው ይውላሉ።

«መሮጥ የማይችል ሰው አለ ወይ ስትይ እኔን ማለትሽ ነው» አሏት።

«አደጋ ቢመጣ የሚሸከምዎ ሰው እንድንመድብ ብዬ ነው፣ ጋሽ መድሃኔ።»

«እኔ ሸክም አይደለሁም።»

ውባንቺ ዓይኗን ወደ መስኮቱ ስትመልስ ቦዩ፣ መንገዱና የግቢው ትልቅ በር ባንድ ላይ ታያት። «እንግዲያውስ ሌላ ሥራ ልስጥዎ» አለች። «ይህን ሁሉ የሚያይ ሰው የለንም። ዘብ ይሁኑልን።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ዳሰሱ። «ይኼ ይሻላል» አሉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ መኪና በሚቆምበት ሜዳ ላይ ተደረገ፤ የመጡት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ማማ ዋንጂኩ ከባሏ ጋር መጣች፤ የግቢው ባለ ሱቅ ሱፍዋንም መጣ። በምን ቋንቋ ነው የምንጮኸው የሚለው ላይ ብዙ ተከራከሩ። ስዋሂሊ የሚሉ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ የሚሉም ነበሩ። መቋጫውን ያገኘችው ማማ ዋንጂኩ ናት፤ በምንም ቋንቋ አንጮህም፣ ሱፉሪያ እንመታለን አለች። የብረት ድስት የሌለው ቤት የለም፤ በማንኪያ ሲቀጠቀጥ ጸሎት ነው ብሎ የሚሳሳትም የለም። ውባንቺ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየቻት፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

የከበደው የኋላው በር ጉዳይ ነበር። ትልቁ በር የሚከፈተው ዝቅ ባለው በኩል፣ ወደ ቦዩ ነው። ቦዩ ሞልቶ ውሃ ከመጣ በዚያ መውጫ የለም። የኋላው በር ከፍ ወዳለው የትምህርት ቤት ሜዳ ያወጣል፤ ሌባ ከገባበት ወዲህ ግን በሰንሰለት ተጠርቅሟል። ቁልፉ ያለው በግቢው ኃላፊ በኦቲየኖ እጅ ሲሆን፣ ኦቲየኖ ደግሞ አብዛኛውን ቀን ግቢው ውስጥ አይገኝም።

«አንድ ነገር ቢሰረቅ የሚጠየቀው ማነው? እኔ ነኝ» አላት ኦቲየኖ፣ በሩ እንዲከፈት ስትጠይቀው።

ውባንቺ አልተከራከረችውም። በሚቀጥለው እሑድ ልምምድ እንደሚኖር ነግራ እሱንም ጋበዘችው። የልምምዱ ዕለት ሱፉሪያው ሲመታ ሰዉ ሁሉ በትልቁ በር ለመውጣት ተነሳ። የሕፃን ጋሪ ከሞተር ብስክሌት ጋር ተጠላለፈ፤ ከኋላ ያሉት ወደፊት ገፉ፤ ኦቲየኖም መሐል ተጣብቆ ወዲያም ወዲህም ማለት አቃተው። ሲወጣ ሸሚዙ ላይ አንድ ቁልፍ አልቀረም።

ውባንቺ አጠገቡ ደርሳ ቀስ ብላ፣ «ይህ እንግዲህ ውሃም ጭስም ሳይኖር ነው» አለችው። «የኋላውን በር ቁልፍ አራት ቤት ይያዘው። ተራ ገብተን እንጠብቃለን፤ የሚጠፋ ነገር ካለ እኛ እንጠየቃለን።»

ኦቲየኖ ቁልፍ የሌለውን ሸሚዙን ደረቱ ላይ ሰበሰበ። «ይሁን፤ አራት ይቀረጽ፣ የእኔው አምስተኛ ይሁን» አለ።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርድ ጀመር። አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሠራተኛው ሁሉ ሥራው ላይ እያለ፣ ውባንቺ በርበሬ እየከፋፈለች ስታሽግ የብረት ድምፅ ሰማች። መጀመሪያ ከሩቅ አንድ፣ ወዲያው ከየቤቱ ሌላ ሌላ እየተቀባበለ ግቢው በሙሉ ተንጫጫ። ወጥታ ስታይ ቡናማው ውሃ በትልቁ በር ሥር እየተንደረደረ ይገባል።

ሱፍዋን የኋላውን በር ሰንሰለት ሲፈታ አየችው። ሰዉ እንደ ልምምዱ፣ ትልልቁ ትንንሹን እየያዘ፣ ወደ ላይ ተጓዘ። ማማ ዋንጂኩ የአራሷን ሕፃን በደረቷ አቅፋ፣ አራሷን በክንዷ ደግፋ ወጣች። የሌሊት ሠራተኛውን ጎረቤቶቹ በሩን ደብድበው ቀስቅሰውት፣ ሱሪውን እየታጠቀ ነበር የሚሮጠው። ሜዳው ላይ ሲደርሱ በየቤቱ ስም ተጠራ። የአቤት ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ከታች ግን አንድ ሱፉሪያ አሁንም ይመታል።

«ጋሽ መድሃኔ» አለች ውባንቺ።

ቁልቁል ስትሮጥ፣ ያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበረው ኦቲየኖ ተከተላት። ሽማግሌው ቤት ሲደርሱ ውሃው ከጉልበት አልፏል። እሳቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ድስቱን በጭልፋ ይቀጠቅጣሉ።

«ጋሽ መድሃኔ፣ ይነሱ እንጂ።»

«አራሷ ወጣች?»

«ወጥታለች።»

«ሌሊት የሚሠራው ልጅስ?»

«ሁሉም ወጥቷል። የቀሩን እርስዎ ነዎት።»

ያኔ ነው ጭልፋውን ያስቀመጡት። ኦቲየኖ ጀርባውን ሰጣቸው፤ እሳቸውም ክንዳቸውን በአንገቱ ላይ አደረጉ። ውባንቺ ከኋላ እየደገፈች በኋላው በር አሻገሯቸው። ሜዳው ላይ ሳይደርሱ ከበስተኋላቸው ከባድ የመደርመስ ድምፅ ተሰማ፤ ትልቁ በር ከነአጥሩ ውሃው ውስጥ ወደቀ።

ሜዳው ላይ ከቆመው ሰው አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፣ ሌላውም ተከተለው፤ ጋሽ መድሃኔ ከኦቲየኖ ጀርባ ላይ እንዳሉ፣ ጭቃ እንደለበሱ፣ ባርኔጣቸውን አንስተው ለሰዉ እጅ ነሱ። ውባንቺ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጠች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ለራሷም አልታወቃትም።

የተበላሸው ብዙ ነው፤ ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ ለፋሲካ ያዘጋጀችው በርበሬ በሙሉ። የጎደለ ሰው ግን የለም። ውሃው ሲሸሽ ጭቃውን በየተራ ሳይሆን ባንድ ላይ ጠረጉት፤ ከአንዱ ቤት ተነስተው ሌላው ቤት እየገቡ። አቤል ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር አካፋ ይዞ መጣ፣ ውሎም አደረ። በሁለተኛው ቀን ከአጎራባች ግቢዎች ሰዎች መጥተው ውባንቺን ጠየቁ፤ እንዴት አድርጋችሁ ነው? በሩንዳ፣ በሀብታሞቹ ሰፈር፣ ቪላ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት ሳትቀር እዚያ ላሉት ሠራተኞች እንድታስረዳላት ለመነቻት።

ክረምቱ ሲገባ በመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ግቢ የመጀመሪያ ልምምዱን አደረገ። ውባንቺና ማማ ዋንጂኩ ከዳገቱ አናት ላይ ቆመው ጠበቁ። ሕዝቡ ለዚሁ በተከፈተው አዲስ የኋላ በር እየፈሰሰ ወጣ፤ አሮጊቶች በወንበር ተይዘው፣ ሕፃናት ታዝለው፣ ተማሪዎች በስዋሂሊ እየዘፈኑ። ሳይገፋፉ፣ ሳይረጋገጡ ወጡ። የመጨረሻው ሰው ዳገቱን ሲጨርስ ማማ ዋንጂኩ በአገሯ ልማድ እልልታውን ለቀቀችው። ውባንቺም በራሷ አገር ልማድ ተቀበለቻት። የሁለቱ እልልታ አንድ ሆኖ መንገዱን ተሻገረ፤ ከታች ማታቱ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ሁሉ ሠርግ መስሏቸው ቀና ብለው አዩ።