ለመወለድ የቸኮለው አላፓቲ

አንድ ሕይወት ሲደመር ስንት ይሆናል? ሰው በእጁ የሠራው ነው የሚቆጠርለት፣ ወይስ ሌሎች ስለ እሱ ደጋግመው የሚያወሩት?

የትንሿ ደሴት የአታፉ ልጅ አላፓቲ ቀኑ ሳይሞላ፣ ወር ያህል ቀድሞ ተወለደ። ሲያዩት ግን ድንቡሽ ያለ፣ ጉንጩ የሞላ ስለነበር አክስቱ ሌፔካ፣ "ይሄ ምኑ ነው ያልደረሰው? እናትየዋ ቆጠራ ተሳስታ ነው" ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ የሕፃኑ አፍንጫ ይርገበገብ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ፣ በየትንፋሹ ያቃስት ጀመር።

የደሴቲቱ ነርስ ሜሌያኔ ከእናቱ ከሉሂያ ደረት ሳታነሣው ኦክስጅን ሰጠችው። ወደ ደሴቲቱ የምትመላለሰው መርከብ ገና ከአፒያ ወደብ አልተነሣችም፤ ሐኪም ዘንድ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ደግሞ የለም።

"ትልቅ መስሎ ሸወደን" አለች ሜሌያኔ። "ሳንባው ግን ገና ነው። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ለማወፈር ብቻ አይደሉም።"

"ይተርፋል?" አለች ሉሂያ።

"እስኪ ይተንፍስ። አንቺም አብረሽው ተንፍሺ።"

መርከቧ ስትደርስ ትንፋሹ ረግቶ ጡት ይስብ ነበር።

ከዚያ ሌላው ጭንቅ መጣ። እኩዮቹ አሸዋ ላይ ሲሯሯጡ እሱ ገና ይድሃል፤ እነሱ ሲያወሩ እሱ በጣቱ ይጠቁማል። ሜሌያኔ ሉሂያን፣ "ያለ ቀናቸው ከተወለዱት ብዙዎቹ እኩዮቻቸው ላይ ይደርሳሉ፤ አንዳንዱ ግን እገዛ ይፈልጋል። ዝም ብለሽ አትጠብቂው፤ አውሪው፣ ዝፈኝለት" አለቻት። ትምህርት ቤት ከገባም በኋላ መምህሩ አንዴ የተናገረው ሳይጨበጥለት ያልፋል። ልጆቹ፣ "አንተ፣ ፍጥነትህ ለመወለድ ብቻ ነበር እንዴ?" ይሉታል። ሉሂያ የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇ በሰው መሃል ድምፅ ሳይኖረው እንዳይቀር።

የደረሰለት ፋቴሌ የሚባለው የደሴቲቱ ዘፈንና ጭፈራ ነው። ወንዶቹ ትልቁን የእንጨት ሣጥን ከብበው በመዳፋቸው ይመታሉ፣ መንደሩ እየዘፈነ ይጨፍራል፤ ያችው ጥቂት ስንኝ እንደገና፣ አሁንም እንደገና፣ በየዙሩ ፈጠን እያለች ትመለሳለች። በመጀመሪያው ዙር አላፓቲ ምንም አይዝም፤ በሚቀጥለው አንድ ቃል ይይዛል፤ ሌላው ሰው ሲሰለቸው ግጥሙ ሁሉ የእሱ ሆኗል። ቃል በአፉ የገባው እንዲህ ነው። ትምህርት ሁሉ እንዲህ እየተመለሰ ቢሰጥ፣ ሰነፍ የተባለ ስንቱ ልጅ ሊቅ በሆነ ነበር።

ጎልምሶ ሣጥኑን የሚመራው እሱ ሆነ። የመንደሩ ሁለት ወገኖች በፋቴሌ ውድድር በተፋጠጡበት የአዲስ ዓመት ቀን ዙሩን እያፋጠነ፣ አሁንም እያፋጠነ ወሰደው። የወዲያኛው ወገን ዘፋኞች ትንፋሽ እያጠራቸው አንድ በአንድ ዝም አሉ። እሱ ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ድምፁ ከሁሉም በላይ እየተሰማ ቀጠለ፤ ከዚያ በአንድ ምት ቆረጠው።

"በቃ፣ አሸንፋችኋል" አለ ከወዲያ አንድ ሽማግሌ እያለከለከ። "ይሄ ሰውዬ ሳንባውን ከየት ነው ያመጣው?"

ሉሂያ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሌፔካ ግን ብድግ አለች። "ይሄ ልጅ እኮ ሲወለድ..."

"አክስቴ፣ በናትሽ" አለ አላፓቲ። "ያሸነፍኩት ዛሬ ነው። ያንን ታሪክ ዛሬ እንኳ ተዪው።"

"እሺ የኔ ጌታ" አለችና ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ሲወለድማ ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር!"

ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሣጥኑን የሚመቱት እሱ ያሠለጠናቸው ናቸው። መንደሩን የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ እሱ ሲወራ ከልደቱ አይጀመር። እስካሁን እሺ ያለው የለም።