ከተለቀመ በኋላ የሚሞቅ ፎሶሊያ

ጣሊያን የጣርማ በርን ዋሻ በሚያስቆፍርበት ጊዜ፣ ከሮቢት ቆላ ለመንገድ ሠራተኞቹ ወጥ ቤት ፎሶሊያ አመላልስ ነበር። ለጣሊያን በመሸጤ የሚያሙኝ ሞልተዋል፤ ግን ያኔ ፎሶሊያ የሚበላ ያገሬ ሰው አላገኘሁም። ወጥ ቤቱ እምቢ ካለ፣ የእኔም እንጀራ፣ አትክልቱን በመስኖ የሚያለሙት የጎረቤቴ የእትዬም ድካም አህያ ጀርባ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ቆላ ያደገ ሰው እንደ ደጋ ብርድ የሚፈራው ነገር የለም። ስለዚህ ፎሶሊያውን ብርድ እንዳይመታው በጆንያ ጠቅጥቄ፣ ላዩን በቡልኮ ጠቅልዬ ጫንኩ። ደጋው ላይ ካለው የሠራተኞቹ ሰፈር ደርሼ ስፈታው እንፋሎት ወጣ። እጄን ብሰድ እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል፤ ቀለሙ ወይቧል።

ጣሊያኑ ወጥ ሠሪ አሽትቶ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ "መቀቀል የኔ ሥራ! ሌላ ቀን እንዲህ፣ አንተ አትምጣ!" አለኝ።

ተመልሼ ለእትዬ፣ "ፀሐይ ናት ያበሰለችብን" አልኳቸው።

"ፀሐይ ቡልኮ ገልጣ ገባች?" ብለው ሳቁብኝ።

ነገሩ ከነከነኝ። ጠዋት አንድ ጆንያ ሞልተን ጥላ ቦታ፣ ቤት ውስጥ አስቀመጥን። ከሰዓት በኋላ ክንዴን ብከት መሐሉ ግሏል። እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ።

"ትኩሳት ያዘው እንዴ፣ እትዬ?"

"የማሽላ ጉድጓድ ስንከፍት ለምን ቶሎ አንገባም?"

"አየሩ ይገድላላ!"

"ደህናውን አየር ማን ጨረሰው? ማሽላው አይደለም? ደረቁ እህል እንዲህ ከተነፈሰ፣ ወላሂ፣ ይሄ እርጥቡማ ያለከልካል፤ ትንፋሹም ሙቀት አለው። አንተ ደግሞ አፍነህ ገደልከው!"

ጉድጓድ ተከፍቶ እስኪናፈስ መጠበቅን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ማሽላው ይተነፍሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ቀጥሎ በማለዳው ቅዝቃዜ ለቅመን፣ አየር በሚያስገባ ሳሳ ያለ ቅርጫት ሳንጠቀጥቅ ጫንን። ዳገቱ ላይ ንፋሱ ሲበረታ ቡልኮውን እኔው ተከናነብኩት።

"ጋሼ፣ ጭነቱን ራቁቱን ለቀው አንቱ ተጀቦኑ?" አለኝ አንድ መንገደኛ።

"እሱ ይሞቀዋል" አልኩት።

ወጥ ሠሪው አንዷን አንስቶ ሰበራት፤ ቀጭ አለች። "አዎ! ሁልጊዜ እንዲህ!" አለ። ልቤ ተመለሰች። እኔም አንዷን አኘክሁ። አልጠወለገችም፤ ግን ማሳው ላይ ስንለቅም የቀመስኩት ጣፋጭነት ጎድሏል። ቅርጫቱን የነካ ሰው የለም። ታዲያ ያን ጣዕም መንገድ ላይ ለትንፋሹ ስንቅ ያደረገው ራሱ ፎሶሊያው ይሆን?

ለወጥ ሠሪው ይህን አላነሳሁለትም። ያልቀመሰው ነገር አይናፍቀውም።