እናቴ ቅሬ የገባች ጊዜ

አባቴ እናቴን ፈትቶ ኮምቦልቻ ሌላ ቤት ሲመሠርት የቅሬ አባልነቱንም ይዞ ሄደ። በእኛ ሰፈር፣ በሆጤ፣ ቅሬ የሌለው ቤት ሰው ሲሞትበት ድንኳን የሚተክልለትም ጉድጓድ የሚቆፍርለትም የለም። ባሏ የሞተባት ሴት በሟቹ ስም ትቆያለች፤ የተፈታች ግን የምትጠራበት ስም አልነበራትም። አያቴ ደግሞ አልጋ ከያዘች ስድስት ወር አልፏታል። እናቴ “እናቴን ማን ይቀብርልኛል?” ማለት አበዛች።

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ በተሰበሰቡበት ግቢ ከእናቴ ጎን ቆሜ አነበብኩት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ አንዲት ቃል ሰው ታሳስራለች። ሰዎቹ ቅሬ ላይ የተባለ ከቅሬ እንዳይወጣ ተማምለው ነበር።

የቅሬው ዳኛ ማመልከቻውን ተቀብሎ አጠፈውና ወደ እናቴ ዞረ።

“የኔ እህት፣ ነገ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ጠርቶ ‘ምን ተባለ?’ ቢልሽስ?”

“ምን ተባለና ጋሼ? እኔ ስለ ቀብር ነው የመጣሁት።”

“ምስጢሩ ቦኖ ውኃ ላይ ወረፋ እስክትይዝ ነው!” አለ አንዱ ከኋላ። “ከዚያ ወዲያ ሬዲዮ ምን ያደርጋል!”

ሳቁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

የሰፈሩን ሴቶች ጀናዛ የምታጥበው አሮጊት ለከፈን የሚሆን አቡጀዲ መጥፋቱን ልታመለክት መጥታ በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

“ወላሂ፣ እዚህ ካላችሁት የማንን እናት፣ የማንን ሚስት ነው ያላጠብኩት?” አለች። “ገላቸው ላይ ያየሁትን ቦኖ ላይ የሰማ ካለ ይናገር።”

ሳቁ ቆመ። የዳኛው ሚስት የሞተችው ባለፈው ዓመት ነበር። እሱ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

“እሺ፣ ጉድጓድ ማን ይቆፍርላታል? አባል ሁሉ ይቆፍራል” አለ።

“እሷ ከኔ ጋር ታጥባለች። እኔም አርጅቻለሁ፤ ውኃ የሚያፈስልኝ እፈልጋለሁ።”

እናቴ ሬሳ ትፈራለች። ጎረቤት ሲሞት እንኳ ፊቱን ለማየት አትገባም ነበር። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

“አጥባለሁ” አለች።

ስሟ እንደ አባል፣ በራሷ ስም፣ የዚያን ቀን ተጻፈ።

አያቴ ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ዝናብ ቢሆንም ድንኳኑ በጠዋት ተተከለ፤ ወንዶቹ አካፋና ዶማ ይዘው ወጡ። እናቴ ከአሮጊቷ ጋር ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችው። ያን ሁሉ ወር ያገላበጥኳት፣ ቁስሏን የጠረግሁላት እኔ ስለነበርኩ አብሬ እገባለሁ ብዬ ነበር። ከአጣቢ በቀር አይገባም ብለው አላስገቡኝም።

ስትወጣ እጇ እስከ ክርኗ ርሶ ነበር።

“ጀርባዋ እንዴት ሆኖ ነበር?” አልኳት።

“አጠብናት” አለችኝና ወደ ድንኳኑ ሄደች።