ካንዴላዋ የተነቀለችበት ቀን

የአባቴን ሱቅ የቆርቆሮ በር ገፋ ሳደርገው መጀመሪያ የተቀበለኝ የቤንዚን ሽታ ነው። ወንድሞቼ ሱቁን ለተከራዩ ሰዎች ከማስረከባቸው በፊት ለቤት የሚሆን ዕቃ ካለ እንድለይ ልከውኝ ነበር፤ እኔ ግን ደፉ ላይ ቆሜ ዝም ብዬ ማሽተት ያዝኩ። አባቴ በሕይወት ሳለ እናቴ ይህን ሽታ ከልብሱ ለማስለቀቅ ያልሞከረችው ሳሙና አልነበረም፤ ጁምዓ ሽቶ ተቀብቶ ወደ መስጊድ ሲሄድ እንኳ ከሽቶው ሥር ቤንዚኑ ቀስ ብሎ ብቅ ይል ነበር። ጅግጅጋ ውስጥ ጀነሬተር የተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጠጋኝ ነበርና ሽታው የእንጀራችን ሽታ ነው። መደርደሪያው ላይ፣ ከሞተር ፊልትሮና ቺንጋ ጀርባ፣ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት አሮጌ ካንዴላ አገኘሁ። የቤንዚን ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭረው፣ ከጣት የማትበልጠው ዕቃ ናት። አባቴ ያረጀ ካንዴላ ፈትቶ ወደ ውጭ ሲወረውር ወደ ኋላ የማያይ ሰው ነበር፤ ይህችን ግን አልጣላትም። ለምን እንዳልጣላት የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ አሁን እኔ ብቻዬን ቀረሁ ብዬ እዚያው ዱካ ላይ ቁጭ አልኩ።

መሰናዶ ትምህርት ቤት የነበርኩበት ጊዜ ነው። ያኔ ፕላዝማ የሚሉት ትምህርት አገሩን አጥለቅልቆት ነበር፤ በየክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሳጥን የታሰረ ትልቅ ቴሌቪዥን ይቀመጣል፣ ጣሪያው ላይ ሰፊ ዲሽ ይተከላል፣ ከየት እንደሚናገር የማናውቀው አስተማሪ ደግሞ በፈጣን እንግሊዝኛ ያስተምረናል። የክፍሉ መምህር ሥራ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ርዕሱን ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ነው፤ መሐሉን እንደ እኛው ቆሞ ያያል። እኛም ከተባለው ሲሶውን እንኳ ሳንይዝ፣ ሥዕሉን አይተን፣ ደወሉ ሲደወል የተማርን መስሎን እንወጣለን። የከተማው መብራት ከመኖሩ አለመኖሩ ይበዛ ስለነበር ፕላዝማው የሚሠራው ከመምህራን ማረፊያው ጀርባ በምትቀመጠው ጀነሬተር ነበር። እሷን ያለ ክፍያ የሚጠግናት ደግሞ የወላጅ ኮሚቴ አባሉ አባቴ ነው።

ባዮሎጂ የሚያስተምረን ቲቸር ታደለ ይባላል። እኛ ጅግጅጎች ባደግንበት አማርኛ አንቱታ አይዋጣልንም፤ መምህሩንም ዳይሬክተሩንም «አንተ» ስንል እሱ መጀመሪያ ደንግጦ፣ ኋላ ለምዶት፣ በመጨረሻ እንደሚወደው ነገረን። ከጎጃም ገጠር የተመደበ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ጾም የማይሽር ሰው ነበር። አባቴ «ማዓሊን» ይለዋል፤ በሶማልኛ መምህር ማለት ነው። ቲቸር ታደለ ደግሞ አባቴን «ሐጂ» እያለ እርስዎ ይለዋል። አንድ ቀን ጀነሬተሯ ሲጠገን ፋኖስ ሊይዝለት ቀርቦ ሞያውን መውደድ ጀመረና፣ ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚገኘው ከሱቃችን ፊት ለፊት ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነ። እናቴ ሄል የገባበት ሻይ በወተት በብርጭቆ ትልካለች፤ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን የማዓሊንን ያለ ወተት፣ የአባቴን ግን ሁልጊዜ ማንም ሊጠጣው በማይችለው ስኳር። ታዲያ ሁለቱ ያንን ሻይ ይዘው ስለ አዳም፣ ስለ ኖኅ፣ ስለ ዮሴፍ ወንድሞች ይከራከራሉ፤ አንዱ ከቁርአን ሌላው ከመጽሐፍ ቅዱስ እያመጣ፣ ዮሴፍን ጉድጓድ ውስጥ የጣለው የትኛው ወንድሙ ነው እያሉ ሲሟገቱ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ሰው ከአፈር መፈጠሩ ላይ ግን ተጣልተው አያውቁም፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ራሳቸውን ነቅንቀው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ እየቀረበ ሲመጣ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማ ገባ። የፕላዝማው ፕሮግራም በየክፍሉ በር ላይ ስለሚለጠፍ ምን ቀን ምን እንደሚተላለፍ ማንም ያውቃል። እኛ መጀመሪያ ሳቅንበት፤ በካራማራ መንገድ የጭነት መኪና እየጠበቁ ሙዝ የሚዘርፉትን ዝንጀሮዎች «አጎቶቻችሁን ሰላም በሉ» እየተባባልን ተቀላለድን። ቀልዱ ግን ቤት ሲገባ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ገበያ ውስጥ ሰው የዝንጀሮ ልጅ ነው የሚለው የደገኞቹ ሃይማኖት ነው፣ ልጆቻችንን በቴሌቪዥን ሊያጠምቁብን ነው ተባለ። አንዳንዱ አባት ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀረ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ቲቸር ታደለ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ ከዚያው ከደጋ የመጡት የወታደር ሚስቶች ይህን የሚያስተምር ሰው ምን ዓይነት ምእመን ነው ብለው ፊት እንደነሱት ለአባቴ ሲነግረው ሰምቻለሁ። ወዲህ የክርስቲያን ትምህርት ነው ይሉታል፤ ወዲያ ክርስቲያን ያልሆነ ትምህርት ነው ይሉታል። እሱ የፈራው ግን ሌላ ነበር፤ ምዕራፉ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይመጣል፣ ካልተማራችሁ ትወድቁብኛላችሁ ይለን ነበር።

ሽማግሌዎች ዳይሬክተሩን ሲያነጋግሩት ትምህርቱ ከላይ ነው የሚመጣው ብሎ እጁን ሰቀለ፤ እነሱም ቀና ብለው ዲሹን አዩት። ከዚያ ወደ አባቴ መጡ። ምን እንደተነጋገሩ ኋላ ነው የነገረኝ። ከመምህሩ ጋር መጣላት አንፈልግም፣ እንግዳችን ነው፣ ያ ሣጥን ብቻ ያን ቀን አይናገር አሉት። አባቴም ሲያስበው መልካም መሰለው። ጀነሬተሯ ከተበላሸች ማንም ጥፋተኛ አይሆንም፤ ሽማግሌዎቹም ይረጋጋሉ፣ ማዓሊንም አላስተምርም ሳይል ከጣጣው ይድናል። እናም ትምህርቱ በሚተላለፍበት ቀን ማለዳ፣ ከሱብሒ ሰላት ሲመለስ በትምህርት ቤቱ በኩል አለፈ፤ ዘበኛው ዘይት ሊያይ መስሎት በሩን ከፈተለት፣ እሱም ካንዴላዋን ፈትቶ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት።

የእኛ ክፍለ ጊዜ ደረሰ። መብራት የለም። ዘበኛው የጀነሬተሯን ገመድ ደጋግሞ ጎተተ፤ ዛሬስ ስትጎተት ክብደት የላትም፣ ግን አትነሳም እያለ ሲገረም በመስኮት ይሰማል። ቲቸር ታደለ ልየው ብሎ ወጣ። ሲመለስ እጁን በመሐረብ እየጠረገ ነበር፤ ፊቱ ላይ ያኔ ያልገባኝ አንዳች ነገር ነበረበት። ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ የጠፋውን ስክሪን ትንሽ ካየ በኋላ ጠመኔ አነሳ።

አባቴ የዘነጋው ይህንን ነው። ፕላዝማው ሲጠፋ መምህሩ በራሱ አንደበት ያስተምራል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ሣጥኑ ቢናገር ኖሮ ማንም በማይገባው እንግሊዝኛ ተናግሮ፣ ሥዕሉን አሳይቶ፣ ደወሉ ተደውሎ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ሣጥኑ ዝም ሲል ግን ያ ሁሉ ነገር በሚገባን አማርኛ፣ ምሳሌ እየተጨመረበት፣ ማተብ ካሰረ ሰው አፍ ወጣ። ጥሩ አስተማሪ ነበር፤ ያ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ከኋላ የተቀመጠው ዓብዲ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አንተ ራስህ ታምንበታለህ?» አለው። «እኔ አዳምን ከአፈር በፈጠረው አምላክ አምናለሁ» አለ ቲቸር ታደለ፤ «ይህን ደብቄያችሁ ፈተና ላይ ባስቀምጣችሁ ግን የሚጠይቀኝ እሱው ነው።»

ምሳ ላይ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። ቲቸርን እንዲያደንቅልኝ ብዬ ነው የነገርኩት፤ ፕላዝማው ባይኖር እንኳ እንዴት አድርጎ እንዳስረዳን፣ ዓብዲንም ምን እንደመለሰለት። አባቴ የቆረሰውን መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። እጁን ኪሱ ከተተና ካንዴላዋን አውጥቶ በመካከላችን አኖራት። «ወላሂ፣ እኔ ነኝ ያናገርኩት» አለ። ከዚያ ሌላ ነገር አልበላም።

በማግሥቱ የመሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ትምህርት ቤት መጣና ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ አዲስ ካንዴላ ገጠመላት፤ አሮጌዋን ወደዚያች ሞተር የመመለስ አቅም አልነበረውም መሰለኝ። ጀነሬተሯ በአንድ ጉተታ ተነሣች። ቲቸር ታደለ ከክፍል ወጥቶ በሁለት እጁ ጨበጠውና «ሐጂ፣ እግዜር ይስጥልን፤ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር» አለው። አባቴ ጭስ የገባበት ሰው መስሎ ዓይኑን ጠረገ።

ወሬው እስከ ከሰዓቱ ዐሱር ሰላት ድረስ መልኩን ለውጦ ነበር፤ መምህሩ አባቶቻችሁ ዝንጀሮዎች ናቸው አለ ተብሎ ተወራ። አብረውኝ የነበሩ ልጆች እንኳ ያላሉትን እንዳሉ፣ ያልሰሙትን እንደሰሙ ማውራት ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ በተደረገው ስብሰባ አባቴ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበር። ተነሥቶ፣ ሰውየው ዝም ብሎ ቴሌቪዥን ሊያይ ነበር የገባው፣ ቴሌቪዥኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ቢል ኖሮ ነገሩ ወዴት ይሄድ እንደነበር ዛሬም አስባለሁ። አልተነሣም። ሽማግሌዎቹን ማጋለጥ ይሆንብኛል አለ ኋላ፤ ምክንያቱ ያ ብቻ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። ለመምህሩ ደኅንነት ሲባል ተብሎ የዝውውር ደብዳቤ ተጻፈለት፤ ወደ አይሻ፣ በባቡሩ መንገድ ላይ፣ ጅቡቲ ድንበር አጠገብ። እኔ መናኸሪያ ሄጄ ሸኘሁት። አባቴ ያን ቀን ሱቁን ሳይከፍት ዋለ።

በአባቴ ላይ ተቆጥቼ ምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። የዚያ ምዕራፍ ጥያቄ ፈተናው ላይ መጣ፤ ሠራሁት፣ አለፍኩም፣ የመለስኩት በቲቸር ታደለ ምሳሌ ነው። አግዳሚ ወንበሯ ሰው ሳይቀመጥባት ዝናብ ላይ ከረመችና አንዱ ጎረቤት ለማገዶ ወሰዳት። አባቴ አይሻ የሚወርድ ሹፌር ባገኘ ቁጥር ስለ ማዓሊን ይጠይቃል፤ ሰላምታ ላድርስልህ ሲሉት ግን ተወው ይላል። ዛሬ እኔው ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ያንኑ ምዕራፍ አስተምራለሁ። በቅርቡ አንዲት ተማሪ «ቲቸር ሆዳን፣ አንቺ ታምኛለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የሰጠኋት መልስ የቲቸር ታደለ ነው፣ የራሴን ገና አላገኘሁም። በማግሥቱ ስለ እኔ በየስልኩ የተጻፈውን ሰው አሳየኝ። የጻፈው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ በር አንኳኩቶ ላነጋግርሽ ያለኝም የለም።

ካንዴላዋን ባገኘሁ በሳምንቱ ቲቸር ታደለ መጣ። ሐዘኑን ዘግይቶ ነው የሰማው። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ማተቡ እንዳለ ነው። ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እጁን ዘርግቶ እንደ እኛው አጽናናን። እናቴ ወደ ጓዳ ስትገባ ካንዴላዋን ከሻሼ ጫፍ ፈትቼ ሰጠሁት፤ ምንም ሳልለው አገላብጦ አያት።

«አውቃታለሁ» አለ። «ያን ቀን ወጥቼ ሳይ ሽቦዋ ተንጠልጥሎ ቦታዋ ባዶ ነበር። ካንዴላ በራሷ ተፈትታ አትወጣም፤ ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ እያወቅክ ለምን አስተማርክ? ለምንስ አመሰገንከው?»

«ለእኔ ብለው እንዳደረጉት ገባኝ፣ ሆዳን። እናንተንም መተው አልሆነልኝም። ከዚያ በኋላ ብመጣ ያፍሩብኛል ብዬ ቀረሁ።» ከዚያ ጠየቀኝ፤ «ማወቄን ሐጂ ያውቁ ነበር?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣልኝም። አያውቅም ነበር አልኩት። አባቴ ይቀየመኛል ብሎ፣ እሱ ያፍርብኛል ብሎ፣ በአንድ መንገድ ዳርና ዳር ተቀምጠው ዕድሜያቸውን ጨረሱ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ካንዴላዋን በጨርቋ ደጋግሞ ጠረጋት፣ ምንም ሳይኖርባት።

እናቴ ሻይ ይዛ መጣች። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር የእሱን ሳትጠይቀው ያለ ወተት አድርጋዋለች። ከጎኑ ሌላ ብርጭቆ ነበር፤ ወተት የበዛበት፣ ከሥሩ ስኳሩ ያልሟሟ። እጇ ለምዶበት ነው የአባቴን የቀዳችው፤ ትሪውን ካስቀመጠች በኋላ ነው ያየችው። ማናችንም አላነሣነውም፤ ሻዩ እንደተቀዳ ቀዘቀዘ።