ጾሜን የጾሙልኝ አያቴ

አያቴ ቄስ ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከደረስጌ ደባርቅ ድረስ አዝለው አመጡኝ። በእርዳታው ድንኳን ነርሷ የዱቄት ወተት በጥብጣ ስትሰጠኝ አፌን ገጥሜ እምቢ አልኩ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር፤ እኔም ሰባት ዓመት ሞልቶኝ መጾም በመጀመሬ እኮራ ነበር።

«አባ፣ ይቺ ልጅ ካልጠጣች አትተርፍም» አለች ነርሷ።

አያቴ አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ስሚኝ ልጄ፣ ያንቺን ጾም እኔ እጾምልሻለሁ። አንቺ ጠጪ።»

«እርስዎማ የራስዎ አለብዎት!»

«ይሄ ሽማግሌ ሁለት መጾም ያቅተዋል ብለሽ ነው? በይ ጠጪ፣ አትናቂኝ!»

ሳቄ መጣና ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሁዳዴ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ እህል ሲቀምስ፣ እሳቸው ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቆዩ ነበር። «ይቺ የልጅቷ ናት» ይላሉ። በሰው አገር ሆኜ፣ የልጆች እናት ከሆንኩ በኋላም አልተዉትም። በስልክ «አባ፣ አሁንማ ራሴ እጾማለሁ፤ ይብቃዎት» ስላቸው፣ «ማን ጠየቀሽ?» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ዕድሜ ጠግበው አረፉ። ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ልጆቼን አበላሁና፣ እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጾሜን ብቻዬን ያዝኩ።